ለሌላ ሰው ልብ ወለድ የሣልኩት ጦርነት

ጦርነት ሣልልኝ ያለኝ ሰው ጦርነት አይቶ አያውቅም። ይህን የምለው ልሰድበው አይደለም። ጎንደር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ጓደኛሞች ነን። እሱ አዲስ አበባ ገብቶ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆነ፤ እኔ ሾዋክ፣ ሱዳን ውስጥ ቀረሁ። ብሩሽ አለመጣሌን ከሰው ሰምቶ በቴሌግራም አገኘኝና አንድ ምዕራፍ ላከልኝ። በጨው ሜዳ ላይ የሚኖር ሕዝብ አለ፤ ከደመና በላይ የሚኖሩ ፈረሰኞች በክንፋም ፈረስ ይወርዱበታል፤ ሜዳው በሬሳ ይሞላል። በማግሥቱ ደግሞ አንዲት ጠንቋይ ቀንድ ትነፋና የሞቱት ሁሉ ጨዋቸውን አራግፈው ይነሣሉ። «ሬሳው በደንብ ይታይልኝ፤ አንባቢው ካላዘነ ሲነሡ አይደሰትም» አለኝ በድምፅ መልእክት። ሥራ ነውና እሺ አልኩ።

ሾዋክ ውስጥ የምታወቀው በራክሻ ነው፤ እኛ አገር ባጃጅ የምንለው። ጀርባው ላይ አንበሳ፣ ጥንድ ዐይን፣ በጦር የተወጋ ልብ እሥላለሁ። ባለቤቱ የሚፈልገውን የአረብኛ ጽሕፈት ከወረቀት ላይ እንደ ሥዕል እገለብጠዋለሁ። ምን እንደሚል ሳላውቅ ስንቱን መርቄ፣ ስንቱን ረግሜ እንደሰደድሁ እግዜር ይወቀው። ሥዕል የተማርኩት ግን ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬም የማውቀውን አደረግሁ፤ አቡጀዲ ገዝቼ ጣውላ ላይ ለጠፍኩና በነጭ ቀለም ቀባሁት። ሲያልቅ በስልክ ፎቶ አንሥቼ ልልክለት ነው።

የምሠራው በአከራዬ ግቢ፣ ከሣር ዳሱ ሥር ነበር። አከራዬ በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በኩል በእግራቸው የመጡ፣ መጀመሪያ ኡም ጋርጉር መጠለያ የኖሩ፣ ኋላም ሾዋክ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሻይና ታምያ እየሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። ታምያ ከሽምብራ የሚጠበስ ነገር ነው፤ እንደ እሳቸው አድርጎ የሚጠብሰው አላጋጠመኝም። አንድ ልጅ ነበራቸው። ነበራቸው የምለው እኔ ነኝ፤ እሳቸው «አለኝ» ነበር የሚሉት።

ልጃቸው ድንበሩ ላይ ባለው የፋሽጋ እርሻ ከእኔ ጋር ሰሊጥ ሲያጭድ በጥይት ተመትቷል። ሾዋክ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቱ «ድንበር ተሻግሮ መተማ ገብቷል፤ ስልኩ ስለጠፋበት ነው የማይደውል» ብዬ ነግሬያለሁ። ያን ውሸት ይዤ ቤታቸው ሁለት ክረምት ከረምኩ፤ ምግባቸውንም በላሁ።

ልጁ እዚያው ሱዳን የተወለደ ስለሆነ አማርኛ ሲጀምር አረብኛው ይቀድመው ነበር። ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ በአጨዳ ግን ሁለት እኔን ያህል ነው። «ዋላሂ፣ አንተ ሰሊጥ አታጭድም፤ ትሥለዋለህ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ቀትር ላይ ስናርፍ በደረቱ ይተኛል፤ ቀኝ ክንዱን ከጉንጩ ሥር ከትቶ፣ ግራ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ። እዚያ ፀሐይ ላይ እንዲያ የሚተኛ ሰው አይቼ ስለማላውቅ እቀናበት ነበር።

የሆነው ጧት ነው። የደረሰ ሰሊጥ እንዳይራገፍ ጤዛው ሳይደርቅ ነው የሚታጨደው፤ ስለዚህ ገና ከንጋት ጀምረን ወገባችንን ጎንበስ እንዳደረግን ነበር። ከጥሻው በኩል ተኩስ ተነሣ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እስካሁን አላውቅም። በዚያ መሬት የሚጣላው ብዙ ነው፤ ለሚያጭደው ሰው ግን ማንም ቀድሞ አይነግረውም። ልጁ ሁለት እርምጃ ከፊቴ ወደቀ። ሆዱን ነው የተመታው። ጎትቼ ከነዶው ክምር ሥር አስጠጋሁትና እንዳያዩት ሁለት ነዶ ጣልኩበት። በደረቱ ተገልብጦ ክንዱን ከጉንጩ ሥር ከተተ። «ውሃ» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት። ውሃው ትራክተሩ ላይ ነበር። ወደ ትራክተሩ ሮጥኩ፤ ትራክተሩን አልፌውም ሮጥኩ፤ አስፋልቱ እስኪታየኝ ድረስ አልቆምኩም። ትቼው ስሄድ ይተነፍስ ነበር።

ለምን አልተናገርክም የሚለኝ ካለ፣ ሞክሬያለሁ። የእኛ ሰው መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በጋራ ሄደው ነው የሚያረዱት። ብቻውን ገብቶ «ልጅሽ ሞቷል» የሚል ሰው ጠላት ነው። እናም ከተመለስኩ በወሩ ኡም ጋርጉር ሄድኩ። እዚያ የአገራችንን ሰው መርዶ ሁሉ የሚይዙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ልጁ መመታቱን ነገርኳቸው። ዐይን ዐይኔን ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ነፍሱ ስትወጣ ዐይንህ አይቷል?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ቀብረኸዋል?»

«አልቀበርኩም፣ አባባ።»

«ታዲያ መርዶ በግምት ይነገራል እንዴ? ነገ በእግሩ ቢመጣስ? እናትን ገድለን ልናስነሣ ነው?»

ሁለት መልስ ነበረኝ። «አይቻለሁ» ብል መርዶው ይሄዳል፤ ግን ሌላ ውሸት ነው። «እየተነፈሰ ትቼው ሮጥኩ» ብል እውነት ነው፤ ግን አፌ አልተፈታልኝም። «እስኪ ላጣራ» ብዬ ተመለስኩ። ለአከራዬም ሽማግሌው ሰላም እንዳሏቸው ነገርኩ፤ ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ውሸት እያደር ከበደ። አከራዬ፣ እማማ የምላቸው፣ ከገዳሪፍ የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ ይቆጣጠሩት ነበር፤ አማርኛ የሚናገር ወጣት ከወረደ ሻዩን በነፃ ይቀዱለትና «ተመተማ ነህ?» ይሉታል። ካርቱም ጦርነት ሲነሣ አገሩ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ፤ መቆሚያው በሰው ተጥለቀለቀ፤ የሚጠየቀውም ሰው በዛ። አንዴ ሹራብ ገዝተው መተማ ለሚሄድ ሾፌር ሰጡ። ሾፌሩም የዋህ ነገር ነውና ባለቤቱን አጣሁት ብሎ ሹራቡን መልሶ አመጣው። እሳቸው ሹራቡን አጥፈው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡና «ሥራ ይዞት ይሆናል» አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ታምያዬን እበላ ነበር።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ጦርነት መሣል የጀመርኩት።

መጀመሪያ ፈረሶቹን ሣልኩ። ክንፋቸው አስቸገረኝ። ሾዋክ ቆሻሻ መጣያው ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሞልቷል፤ ሄጄ ተቀምጬ ሲያርፍና ሲነሣ አይቼ የእሱን ክንፍ ለፈረሶቹ ሰጠኋቸው። እማማ አይተው፣ «ውይ! አባ ኮዳ ፈረስ ወለደ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀጥዬ ጦረኞቹን ሣልኩና ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። የጓደኛዬ መልስ በማግሥቱ መጣ።

«ወንድሜ፣ እጅግ ቆንጆ ነው። ግን ሰዎችህ እኮ እያጨዱ ነው።»

ተናደድኩ። ስልኩን ወርውሬ ወደ ሥዕሉ ዞርኩ፤ እውነቱን ነው። ሁሉም ወገባቸው ጎንበስ ያለ ነው፤ ሰይፉን የያዙት እንደ ማጭድ ነው፤ የግራ እጃቸው ነዶ እንደሚጨብጥ ተከርችሟል። እኔ ሰይፍ የያዘ ሰው የት አይቼ አውቃለሁ? አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ። የቆሙትን ቀጥ አደረግኋቸው፤ አፋቸውን ከፈትኩ፤ እሱ የሚፈልገውን ቁጣ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወደ ሬሳው ወረድኩ።

አንዱን ሣልኩ። ሁለተኛውን ሌላ ቦታ ሣልኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ወደየት እንደሚሄድ ገባኝ። በጀርባው ላስተኛው ብዬ ጀመርኩ፤ አልሆነልኝም፣ ሬሳ ሳይሆን ፀሐይ የሚሞቅ ሰው መሰለ። እጁን ዘርግቼ ሞከርኩ፤ እሱም ውሸት መሰለ። ጓደኛዬ «ሬሳው እውነት ይምሰል» እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ የማውቀው እውነት አንድ ብቻ ነበር። በመጨረሻ አሥራ አንድ ሰው ጨው ላይ ተኛ። ፂም ያለው አለ፣ ፂም የሌለው አለ፤ አንዱን ሽማግሌ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ጥቁር አደረግሁ። ፊታቸውን በመለዋወጤ የተሸሸግሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋስ ተነሣ። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት ነው፤ ሰማዩ ይቀላና ከፊት ያለው ሰው እንኳ ይጠፋል። ገበያው ተዘጋ። እማማ የተከናነቡትን የሱዳን ቶብ አራግፈው ዳሱ ሥር ገቡ። እኔ አቧራው ቀለሙ ላይ እንዳይለጠፍ ጣውላውን ወደ ግድግዳው ሳዞር «ቆይ እስኪ፣ ልየው» አሉኝ። ጎንበስ አሉ፤ ከዚያም ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ጣታቸውን ከታች ባለው ሬሳ ላይ አደረጉ።

«ይኸ ማነው?»

«የጨው ሜዳ ሰዎች ናቸው፣ እማማ። ልብ ወለድ ነው እኮ፤ የሆነ ነገር አይደለም።»

«ይኸስ?»

«እሱም እንደዚያው።»

ጣታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ነኩ።

«ሁሉንም አንድ እናት ናት የወለደቻቸው?» አሉ።

ነፋሱ የዳሱን ሣር እየነጨ ይጥልብናል።

«ልጄ ነው እንዲህ የሚተኛ» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው አልተለወጠም። «ተጡት ጀምሮ እንዲህ ነው። ክንዱ እንዳይደነዝዝበት ስቤ ላውጣለት ስል ይነቃብኝ ነበር። አንተ ደግሞ ያላየኸውን መሣል አትችልም፤ ስንት ጊዜ ስትል ሰምቼሃለሁ።»

«እማማ…»

«መተማ አልገባም።»

«አልገባም።»

ነገርኳቸው። ሆዱን መመታቱን፣ ነዶ መጣሌን፣ ውሃ ማለቱን፣ መጣሁ ማለቴን፣ ትራክተሩን ማለፌን ሁሉ ነገርኳቸው። ለሽማግሌው ያልወጣልኝን ቃልም አወጣሁት፤ «ስሄድ ይተነፍስ ነበር» አልኩ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«ውሃ ያለህ በአማርኛ ነው?»

«በአማርኛ ነው።»

«እኔን ውሃ ሲለምነኝ በአረብኛ ‹ዩማ፣ ሞያ› ነበር የሚለኝ። ሲያመው አማርኛ አይመጣለትም ነበር። በአማርኛ ያለህ እንዲገባህ ብሎ ነው።»

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ተቆጡኝ እንጂ። «ዝም በል! ለቅሶ በወጉ ነው። ነፋሱ ሲበርድ ኡም ጋርጉር ሂድና ሽማግሌዎቹን ጥራ። ለእኔ እንዳልከው አድርገህ ንገራቸው፤ አንድ ቃል አታጉድል። በማለዳ ይምጡልኝ።»

ሄድኩ። ያ ሽማግሌ ሌሎች አራት ሰዎችን ሰብስበው አስቀመጡኝ። ከአምስት ሰው ፊት ስናገረው ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ አጭር ሆነብኝ። ማንም አልሰደበኝም። አንደኛው ብቻ ከአጠገቤ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው «በሉ፣ እናቱም ጥሩልኝ ካለች፣ አሁን መርዶ ሆነ» አሉ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሾዋክ ደረስን። እማማ በሩን ከፍተው፣ እንግዳ እንደማይጠብቅ ሰው መጥረጊያ ይዘው ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ሽማግሌው የሚባለውን አሉ። እሳቸው መጥረጊያውን ጣሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ ያልወጣው ጩኸት ያኔ ወጣ። አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ተሰማ፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ እየሮጡ መጡ።

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ፎቶና ልብስ ነው የሚለቀስበት። ልብስ ነበረ፤ ያ ሹራብ ከነመታጠፊያው ወጥቶ ገመድ ላይ ተሰቀለ። ፎቶ ግን የለም። ስልኩ ከእሱ ጋር ቀርቷል። የተገኘው በድሮ የራሽን ካርድ ላይ የተለጠፈ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የተነሣው ነው። ሴቶቹ ካርዱን እየተቀባበሉ ሊያለቅሱ ሞከሩ፤ ለአንድ ጎልማሳ ግን በዚያ ሕፃን ፊት ማልቀስ አልሆነላቸውም። በሁለተኛው ቀን ሰው ለምሳ ሲበተን እማማ ጠሩኝ።

«ያንን አምጣው» አሉ።

ጣውላውን አመጣሁ።

«ሌሎቹን አጥፋቸው። ፈረሶቹንም አጥፋ፤ ልጄን ፈረስ አልረገጠውም። አንዱን ተውልኝና ፊቱን የእሱን አድርገው። ነገ ለሣልስቱ ሰው ያየዋል።»

ለጓደኛዬ ሥዕሉ እንደማይመጣ ጻፍኩለት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። «ችግር የለም፤ ኮምፒውተሩ በአንድ ደቂቃ ሠራልኝ» ብሎ የተሠራውን ላከልኝ። አየሁት። ፈረሶቹ ከእኔ ፈረሶች ይሻላሉ። ሬሳዎቹ ሁሉም መልከ መልካም ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ በማግሥቱ ለመነሣትም ዝግጁ ይመስላሉ። «ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩለት።

ነጩን ቀለም ከፍቼ አሥሩን ሰዎች ቀበርኳቸው። ፈረሶቹን፣ ሰይፎቹን፣ ቁጣውን ሁሉ ቀበርኩ። ነጭ ሜዳና አንድ ሰው ቀረ። ፊቱን የማስታውሰውን ያህል የእሱን አደረግሁት። ሲያልቅ ታዲያ የተማርኩት ነገር ትዝ አለኝ፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን ያሣለው ሰው ከቅዱሱ እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል፤ «ማረኝ» ማለቱ ነው። እኔም ከልጁ እግር ሥር አንድ ትንሽ የተደፋ ሰው ሣልኩ። የሠራሁት መልካም ነገር መስሎኝ ነበር። እማማ መጥተው ፊቱን ብዙ ጊዜ አዩት፤ በእጃቸው ጀርባ ጉንጩን ነካ አደረጉት። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ታች ወረደ።

«ይኸኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ይቅርታ እየለመንኩት ነው።»

«እግሩ ሥር ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«እንግዲያ አጥፋውና የነበርክበት ቦታ ሣለው።»

አጠፋሁት። ከላይ፣ በሜዳው ጥግ፣ ርቆ የሚሮጥ ሰው ጀመርኩ። ፊቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ልጁ አዙሬ ስነድፈው እጄን ያዙኝ።

«ዞረህ አይተኸው ነበር?»

«አላየሁትም፣ እማማ።»

«ታዲያ ጀርባህን ሣል።»

የራሴን ጀርባ አይቼው አላውቅም። ብሩሹን ይዤ ቆምኩ፤ ከየት ልጀምረው? እማማ ከኋላዬ ተነሥተው ቆሙ።

«ግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል» አሉኝ። ዝቅ አደረግሁት። «ስትራመድ ተረከዝህ ወደ ውስጥ ይገባል። ሸሚዝህ ሰማያዊ ነበር፤ ተአንገቱ በታች ተቀዶ እኔ ነኝ የጣፍኩልህ። ፋሽጋ ስትሄዱ እስክትሰወሩ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አይቻችኋለሁ። እሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ እጁን አነሣልኝ።»

ሰማያዊውን ቀለም ከፈትኩ።